ባዶ ቤትዎን ለማን ያከራያሉ? በአዲስ አበባ ጥሩ ተከራይ ለመምረጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ተከራዩ ማንነት ብዙም አይጨነቅም ነበር። የሦስት ወይም የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይቀበላል፤ ጠባዩ ካልተስማማው ደግሞ ዋጋ ይጨምርበታል፣ አለዚያም «ልጄ ልታገባ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ብሎ ያስወጣዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ግን ይህ መንገድ ተዘግቷል። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል። ስለዚህ አከራዩ የመምረጥ ሥልጣን ያለው ቤቱ ባዶ በሆነባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚቀረው አብሮ መኖር ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እነዚያን ሳምንታት በአግባቡ ስለ መጠቀም ነው።

ከማስታወቂያ በፊት፦ ለሁለት ዓመት ይችላሉ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ለተከራዩ ሳይሆን ለራስዎ የሚቀርብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱን ለመሸጥ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ወንድም እንዲያርፍበት ለማድረግ አስበው ከሆነ፣ አሁን ማከራየትዎን ደግመው ያስቡበት። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ተከራዩ ወዲያውኑ እንዲወጣ ማድረግ አይቻልም፤ ገዢዎችም ይህን ስለሚያውቁ ተከራይ ያለበትን ቤት ዋጋ ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ። ቤቱ በጋራ ባለቤትነት የተያዘ ከሆነ፣ ለምሳሌ የባልና ሚስት ወይም የወራሾች ከሆነ፣ የሁሉም ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። ተከራይ ከገባ በኋላ የሚነሳ የእህትና የወንድም ክርክር መጀመሪያ የሚያባርረው ጥሩውን ተከራይ ነው።

ቤቱን በተከራይ ዓይን መመርመር

ጥሩ ተከራይ ብዙ ቤት ለማየት አቅምም ጊዜም አለው፤ ስለዚህ እንደ አከራዩ ሁሉ እርሱም ይመርጣል። ቀለም መቀባት ብዙ አከራዮች የሚጀምሩበትና የሚጨርሱበት ሥራ ነው፤ እኔ ግን ቀለምን የመጨረሻው ላይ አደርገዋለሁ። ቤት ለማየት የሚመጣ አስተዋይ ሰው፣ በተለይም የቤት ውስጥ ሥራ የምታውቅ እናት፣ ግድግዳውን አይታ ሳትጨርስ ማድ ቤት ገብታ የምጣዱን ሶኬት ትፈልጋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአብዛኛው የቤት ዕቃ የበለጠ ኃይል ይስባል። ሶኬቱ ዙሪያው ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ካገኘችው «እዚህ ቤት እንጀራ መጋገር አይቻልም» ብላ ትወጣለች፤ ምክንያቱን ግን ለእርስዎ አትነግርዎትም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ለምጣዱ ራሱን የቻለ፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ያስዘርጉ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ሮቶ ያለው ቤትና የሌለው ቤት እኩል ተከራይ አይስቡም። በኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆኑ፣ ውሃው በሚመጣበት ቀን እስከ እርስዎ ቧንቧ ድረስ ገፍቶ መድረሱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይደክማል። ሮቶው ካለ ያሳጥቡት፣ ክዳኑንም ያስገጥሙለት።

ሦስተኛው ቆጣሪ ነው። በግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለሚያከራይ ሰው የጋራ ቆጣሪ የጠብ ሁሉ ምንጭ ነው፤ አንዱ ምጣድ አለኝ ይላል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ነው የማበራው ይላል፣ በየወሩም ሒሳብ ሲከፋፈል ፊት ይጠቋቆራል። ቢቻል ለእያንዳንዱ ክፍል ንባብ የሚያሳይ ተቀናሽ ቆጣሪ ያስገቡ፤ ካልሆነም የአከፋፈሉን ቀመር አስቀድመው ወስነው በውሉ ውስጥ ያስፍሩ። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው የመብራትም ሆነ የውሃ ዕዳ ካለ ከማስታወቂያው በፊት ይዝጉት፤ ዕዳው የሚቀረው በቆጣሪው ባለቤት ስም ነውና።

ጣራ የሚያፈስ ከሆነ በክረምት እንጂ በጥር አይታወቅም፤ ይሁንና በኮርኒሱ ላይ ያለ ቢጫ ክብ ለሚያውቅ ሰው በቂ ማስረጃ ነው። በላዩ ላይ ቀለም ቀብቶ መሸፈን የሚያቆየው እስከ መጀመሪያው ዝናብ ብቻ ነው።

ዋጋ መቁረጥ

በአንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች እንኳ በፎቅ፣ በውሃና ለታክሲ መንገድ ባላቸው ቅርበት ይለያያሉና፣ በራስዎ ብሎክና በአጎራባቾቹ ውስጥ በቅርቡ የተከራዩ ሦስት ወይም አራት ቤቶችን ዋጋ ይጠይቁ። ደላሎች የሚጠሩት ዋጋ አከራዩ ሊያገኝ የሚመኘውን እንጂ ተከራዩ የከፈለውን አይደለም። ቤቱ ከዚህ በፊት ተከራይቶ ከነበረ፣ ለአዲሱ ተከራይ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት የመጨረሻውን የተመዘገበ ውል ይዘው ወረዳው ዘንድ ይጠይቁ፤ የቀድሞው ኪራይ በአዲሱ ላይ የሚኖረውን ተጽዕኖ ማወቅ ያለብዎት ከተስማሙ በኋላ አይደለም።

ስለ ስግብግብነት አንድ ስሌት እንመልከት። ቤትዎ 20,000 ብር ያወጣል እንበል፤ እርስዎ ግን 22,000 ካልሆነ ብለው ሦስት ወር ባዶውን አቆዩት። በሁለት ዓመት ውስጥ 22,000 ብር በ21 ወር ሲባዛ 462,000 ብር ይሆናል። ወዲያውኑ በ20,000 አከራይተውት ቢሆን ኖሮ ግን በ24 ወር 480,000 ብር ያገኙ ነበር፤ በላዩ ላይም ከብዙ ጠያቂዎች መካከል ይመርጡ ነበር። የኔ ልማድ ከሰፈሩ ዋጋ ጥቂት ዝቅ ብዬ መጥራት ነው፤ የሚገኘው ትርፍ ስልኩ ብዙ መደወሉ፣ የመምረጥ ዕድልም መስፋቱ ነው። በአንጻሩ ከገበያው በእጅጉ የወረደ ዋጋ ሰዎችን ያስጠረጥራል፤ «ምን ጉድ አለበት?» ያሰኛል።

ከኪራዩ ላይ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለውን የኪራይ ገቢ ግብር ቀንሰው እጅዎ የሚገባውን ይወቁ። ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ 12,000 ጽፎ 20,000 መቀበል የተለመደ ብልጠት ነበር። ከሕገ ወጥነቱ ባሻገር ለአከራዩ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ተከራዩ ከተቀየመ በተጻፈው መሠረት 12,000 በባንክ አስገብቶ ዝም ማለት ይችላል፣ እርስዎም የሚያቀርቡት ማስረጃ አይኖርዎትም።

ማስታወቂያና ደላላ

ማስታወቂያ የማይሆነውን ሰው አስቀድሞ ማስቀረት አለበት። «የሚያምር ቤት፣ ዋጋ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ሃምሳ ሰው ያስደውላል፤ ከሃምሳው አርባ አምስቱ ዋጋ ሲሰሙ ይዘጋሉ። ይልቁንም እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። የብቻ ካርድ ቆጣሪ፣ ሮቶ ያለው፣ ለምጣድ የተለየ መስመር የተዘረጋለት። ወርሃዊ ኪራይ 20,000 ብር፣ ቅድሚያ የሁለት ወር። ውሉ በወረዳ ይመዘገባል፣ ክፍያው በባንክ ነው። ለመኖሪያ ብቻ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ መግባት ይቻላል።» የመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ተራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መታወቂያውን ማሳየት የማይፈልግና ቤቱን ለሌላ ጉዳይ የሚሻ ሰው ይህን አንብቦ አይደውልም።

ፎቶግራፍ ጠዋት መጋረጃ ተከፍቶ ይነሳ፤ ማድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱም ይካተቱ። የቤት ቁጥሩና የበሩ ቁልፍ ዓይነት ግን አይታዩ። በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድኖች፣ በፌስቡክና ጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ማውጣት ብዙ ሰው ያመጣል። ከእኔ ልምድ ግን ረጅም ጊዜ የቆዩትን ተከራዮች ያመጡልኝ የብሎኩ ጥበቃና የጥግ ባለ ሱቅ ናቸው። ባለ ሱቁ በዱቤ ወስዶ በወሩ የሚከፍለውንና ስልኩን የሚዘጋውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ የትኛውም ደብዳቤ ይህን አይነግርም።

ደላላን መጠቀም ነውር የለውም፣ በተለይ ቀን ሥራ ለሚውል ሰው። ነገር ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ ይነገረው፦ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና የሚከፈለው ውል ሲፈረም ብቻ መሆኑን፣ በተነገረው ዋጋ ላይ አንዲት ብር እንዳይጨምር፣ ቤቱን ለማሳየት ብቻ ከተከራይ ገንዘብ እንዳይቀበል። ደላላ የሚያተርፈው ቤቱ ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ስለሆነ፣ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው» የሚለውን ምስክርነት በትሕትና ሰምቶ ማለፍ ይገባል።

የስልክ ንግግርና ቤት ማሳየት

በስልክ አምስት ደቂቃ መነጋገር የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራል። ስንት ሰው ይኖርበታል? አሁን የት ነው የሚኖሩት፣ ለምንስ ለቀቁ? መቼ መግባት ይፈልጋሉ? የት ነው የሚሠሩት? እነዚህን እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ወግ ማንሳት ይሻላል። «ዛሬ ማታውኑ ልግባ» የሚል ሰው በእውነት ችግር ገጥሞት ሊሆን ይችላል፤ ግን ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በር አይከፈትም። የልጆች ትምህርት ቤት የሚለውጡ ቤተሰቦች ከመስከረም በፊት ባሉት የክረምት ወራት ስለሚፈልጉ፣ ቤቱ በዚያ ጊዜ ባዶ ከሆነ መቸኮል አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገር። አንድ ምሽት ስልክ የደወለችልኝ ሴት በማግስቱ ቤቱን አይታ፣ ሳትከራከር ተስማምታ፣ በዚያው ቀን ከፈለች። በየወሩ አንድም ቀን ሳታዘገይ ትከፍላለች፤ ንጹሕና ሰው አክባሪ ነች። በሁለተኛው ወር የብሎኩ ኮሚቴ ጠራኝ። ስሄድ ደረጃው በጭስና በእንፋሎት ታፍኗል፤ ሳሎን ውስጥ ሦስት ምጣድ ተደርድሯል፤ ሶኬቱ እንደ ሻማ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ወርዷል። ለሆቴሎች እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ኖራለች። አልዋሸችኝም፤ እኔ አልጠየቅኋትም። በሽማግሌ ተነጋግረን፣ ግቢ ያለው የመሬት ቤት እስክታገኝ ሦስት ወር ጠበቅኋት። ክፍያዋ ምንም ባይወጣለትም ለዚያ ቤት የምትሆን ተከራይ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ «ቤቱን ለምን ይጠቀሙበታል? ከመኖር ሌላ የሚሠሩበት ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ከደመወዝ ጥያቄ ይቀድምብኛል።

ቤቱን ሲያሳዩ ጠያቂዎችን በተለያየ ሰዓት ይቅጠሩ፤ በአንድ ላይ ሰብስቦ ማጫረት ጨዋውን ሰው ያሸሻል። ከሁሉም በላይ የሚኖርበት ሰው ራሱ መጥቶ ይየው። «ለአጎቴ ልጅ ነው፣ እኔ እፈርማለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ገቢው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ነዋሪውን ሳያዩ አይስማሙ። ቤት ወስደው ክፍል በክፍል መልሰው የሚያከራዩ፣ ወይም በቀን ሒሳብ እንግዳ ማረፊያ የሚያደርጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በዚህ መልክ ነው።

ማጣራት

ማጣራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ለሁሉም ጠያቂ እኩል እስከተደረገ ድረስ ማንም አይቀየምም። በቅድሚያ ማንነት፦ የፋይዳ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ዋናውን ይዩ፣ ፎቶው ከፊትዎ ካለው ሰው ጋር መመሳሰሉንም ያስተውሉ። በስልክ የተላከ የመታወቂያ ምስል በቂ አይደለም።

ቀጥሎ ገቢ። ተቀጣሪ ከሆነ የሥራ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ላይ ባለው የእጅ ስልክ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን መደበኛ ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። ሐሰተኛ ማኅተም ማስቀረጽ ከባድ ባልሆነበት ከተማ ደብዳቤ ብቻውን ምስክር አይሆንም። በግል ሥራ የሚተዳደር ከሆነ የንግድ ፈቃዱን፣ ወይም የሦስት ወር የባንክ እንቅስቃሴውን ቢያሳይ ይበቃል። ኪራዩ ከቤተሰቡ ገቢ ሲሶ አይብለጥ የሚለው ምክር አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚያሟላው አይደለም፤ እኔ እስከ ግማሽ እቀበላለሁ፣ ከግማሽ ካለፈ ግን ሰውየው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በአራተኛው ወር መጨናነቁ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚታመን ዋስ ካለው ማየት ይቻላል።

ሦስተኛውና ዋናው የቀድሞ አከራይ ነው። ጠንቃቃ መሆን የሚገባው ግን እዚህ ነው፤ አሁን የሚያከራየው ሰው ሊገላገለው የፈለገውን ተከራይ «ወርቅ የሆነ ልጅ!» ብሎ ሊመርቅልዎት ይችላል። ከእርሱ በፊት የነበረው አከራይ ግን የሚደብቀው ነገር የለም። ስለ ጠባዩ በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ የሚቆጠር ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ጊዜ አዘገየ? ሲወጣ የመብራት ዕዳ ትቶ ነበር? ዛሬ ቢመለስ ያከራዩታል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚሰማው ዝምታ ከመልሱ ይበልጣል።

የማይጠየቁ ነገሮችም አሉ። ብሔርና ሃይማኖት አንድ ሰው ኪራይ በወቅቱ ስለመክፈሉ ምንም አይናገሩም፤ እነዚህን መለኪያ ማድረግ ነውር ከመሆኑም በላይ ጥሩውን ሰው ያሳጣል። «ላጤ አናከራይም»፣ «ልጅ ያለው አይመጣ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም እንደዚሁ ናቸው። ልጆች ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ፤ እውነት ነው። ይሁንና ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ቤተሰብ በቀላሉ ቤት አይለቅም፤ አንድ ባልዲ ቀለም ደግሞ ከአንድ ወር ባዶ ቤት ይረክሳል።

ከሁለት ሰዎች መካከል መወሰን ሲያቅትዎ፣ ብዙ ከሚከፍለው ይልቅ ብዙ የሚቆየውን ይምረጡ። ላልተመረጡት ደግሞ በዚያው ቀን ደውለው ይንገሯቸው፤ የተመረጠው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ተመልሰው የሚደውሉት ለእነርሱ ነው።

ውልና ምዝገባ

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ምስክሮች ባሉበት ይፈረማል፤ ከተፈረመም በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚከናወነው በወረዳ ነው። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ ስለሚከፈል የሒሳብ ቁጥሩ በውሉ ይጻፍ። ተከራዩ ውሉ ሳያልቅ መልቀቅ ከፈለገ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥም ለሁለቱም ወገን ግልጽ ይሁን።

ብዙ ውሎች የሚዘነጉት የዘመን አቆጣጠርን ነው። ብዙ የግል ድርጅቶችና የውጭ ድርጅቶች ደመወዝ የሚከፍሉት በፈረንጅ ወር ሲሆን፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያ ወር ነው። የክፍያው ቀን ደመወዝ ከሚገባበት ሦስት ወይም አራት ቀን በኋላ እንዲሆን ቢደረግ አብዛኛው «ዘገየ» የሚባል ነገር ይቀራል። የጳጉሜን ቀናትም እንደማይታሰቡ ይጻፍ፤ በየዓመቱ መጨረሻ የሚነሳን አላስፈላጊ ንግግር ያስቀራል። ከዚህ ሌላ የነዋሪው ብዛት፣ ቤቱ አሳልፎ እንዳይከራይ፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም የትኛው ጥገና የአከራዩ፣ የትኛው የተከራዩ እንደሆነ ይዘርዘር። አምፖልና ቧንቧ ራስ የተከራይ፣ ጣራና የግድግዳ ውስጥ መስመር የአከራይ ቢሆን ሚዛናዊ ይመስለኛል።

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ሆነው የሚያከራዩ ባለቤቶች ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ሲሰጡ፣ ወኪሉ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበልና ውል ማስመዝገብ እንደሚችል በግልጽ ማስፈር አለባቸው፤ ጥቅል ቃል ወረዳ ላይ ሲደርስ ያስመልሳል። ኪራዩ ግን በቀጥታ በባለቤቱ ሒሳብ ይግባ። ወኪሉ ዘመድ ሲሆን ይህን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ዝምድናውን የሚያቆየው ግን ይኸው ነው።

ርክክብ

ተከራዩ ዕቃ ከመጫኑ በፊት ባዶው ቤት ውስጥ አብራችሁ ዙሩ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ሁኔታ፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የማይዘጋ መስኮት ሳይቀር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ በስልክም ተቀርጾ ለሁለቱም ይድረስ። ጉድለቱን አከራዩ ራሱ ቀድሞ ሲያሳይ ተከራዩ በኋላ የሚሰበረውን አይደብቅም።

በዚያው ቀን የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ተከራዩ ባለበት ይቀይሩት። የቀድሞው ተከራይ፣ የእርሱ የቤት ሠራተኛ፣ ቀለም ቀቢውና ደላላው ቅጂ ይኑራቸው አይኑራቸው አይታወቅምና። ከአዲሱ ሲሊንደር ጋር የሚመጡትን ቁልፎች ከነማሸጊያቸው ለተከራዩ ያስረክቡ፤ ለእርስዎ አንድ የሚቀር ከሆነም ምን ሲያጋጥም ብቻ እንደሚጠቀሙበት በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ።